ፈጥኖ የጀመረው ሬድ ቡልና እየተሻሻለ የሄደው ማክላረን

እኛ ደብረ ማርቆስ ሆነን የፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድምን የምንከታተል ጥቂት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2024 የተከራከርነው፣ ገና ሲጀመር ፈጣን የሆነ መኪና ይሻላል ወይስ በዓመቱ ውስጥ እየተሻሻለ የሚሄድ በሚል ነበር። የሬድ ቡል ቡድን አሽከርካሪ ማክስ ቨርስታፐን ከመጀመሪያዎቹ 10 ውድድሮች 7ቱን ቢያሸንፍም፣ የመኪናው ሚዛን እየተዛባ ስለመጣ ከስፔኑ ውድድር በኋላ እስከ ብራዚሉ ድረስ ድል አላገኘም። ተፎካካሪው የማክላረን ቡድን ግን በማያሚው ውድድር ላይ ያስገባው ሰፊ ማሻሻያ ወዲያው ሠራለት፤ አሽከርካሪው ላንዶ ኖሪስም የመጀመሪያ ድሉን እዚያው አስመዘገበ። በደረጃ ዝቅ ላለ ቡድን ተጨማሪ ሙከራ የሚፈቅደው ደንብም ሳያግዘው አልቀረም፤ የ2023 ሻምፒዮን ሬድ ቡል ከተወሰነው የነፋስ ዋሻ ሙከራ (ነፋስ እየነፋ የመኪናው ቅርጽ የሚፈተንበት) መጠን 70 በመቶ ብቻ ሲፈቀድለት፣ 4ኛ የነበረው ማክላረን በዓመቱ የመጀመሪያ አጋማሽ 85 በመቶ ነበረው።

በመጨረሻ ማክላረን በ666 ነጥብ ከ1998 ወዲህ የመጀመሪያውን የቡድኖች ዋንጫ ሲወስድ፣ ሬድ ቡል በ589 ነጥብ 3ኛ ሆነ። ለቡድን የማክላረንን መንገድ እመርጣለሁ፤ ለአሽከርካሪ ግን ቀድሞ የተሰበሰበ ነጥብ ቀላል አይደለም፣ የአሽከርካሪዎቹን ዋንጫ ያነሣው ቨርስታፐን ነውና።