ለአንዲት ሲስተር ምስጋና፣ ለድሬ ወላጆች ጥቆማ

ሰላም የድሬ ሰዎች። እንዲህ ዓይነት ነገር ጽፌ አላውቅም፣ ከተንዛዛ ታገሱኝ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ «እማ፣ አሳጥሪው አቦ» እያለችኝ ነው።

ቀፊራ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ሲስተር አለች። ስሜን እንዳትጽፊ ብላ አስምላኛለች። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን ለብቻው እነግረዋለሁ፣ መሐላው ይህን አይከለክልም።

ልጄ 11ኛ ክፍልን ልትጨርስ ስትል ነው የጀመራት። ከቤቱ ሁሉ አብልጣ ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። የዩኒፎርም ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አጠበብኩት። ሌሊት ስትገላበጥ ታድራለች። ላቡማ አይነሳ፤ እሱን ከቁብም አልቆጠርኩት፣ በግንቦት ድሬ ላይ የማያልበው ማን ነው? ሁላችንም አልጋ ግቢ አውጥተን ነው የምናድረው። ጸባይዋም ተለወጠ። በትንሽ ትልቁ ትቆጣለች፣ ወዲያው ታለቅሳለች። ያ የሚያምር የእጅ ጽሑፏ የአንደኛ ክፍል ልጅ የጻፈው መሰለ።

ያልሄድንበት የለም። አንዱ ጋ ታይፎይድ ነው ተብሎ መርፌ ጨረሰች። ሌላው ጋ ጨጓራ ነው ተባልን። ሦስተኛው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «የፈተና ጭንቀት ነው፣ ውሃ ትጠጣ» አለን፤ ለዚያ ቃል የከፈልኩትን ካርድና ምርመራ ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል። ከሦስቱ አንድም ሰው አንገቷን አልነካም። አንድም!

ከሁሉም የከፋው ግን ከትምህርት ቤት ያስጠሩኝ ቀን ነው። «ልጅሽን ተከታተያት፣ ጫት ሳትጀምር አልቀረችም» ተባልኩ። እንቅልፍ የለም፣ ዓይን ፈጥጧል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ወሬ በዝቷል። እዚህ አገር ይህን ያየ ሰው ሌላ ምን ይላል? እኔም አመንኩ። እሷ ልብስ ልታጥብ ጓሮ ስትወጣ ቦርሳዋን ዘርግፌ ፈተሽኩ። ያገኘሁት ግማሽ ዳቦና የሒሳብ ደብተር ነው። ቀና ስል በር ላይ ቆማለች። ምንም አላለችኝም። ምነው በጮኸችብኝ።

ወደ ሲስተር ልመለስ። ጤና ጣቢያ የሄድኩት ለልጄ እንኳን አልነበረም፣ የራሴን ግፊት ልለካ ነው። ልጄ አብራኝ ገብታ ጥግ ላይ ቆመች። ሲስተር ክንዴ ላይ መለኪያውን እያሰረች ዓይኗ ከእሷ አልተነቀለም። የእኔን ሳትጨርስ «ነይ እስቲ እህቴ፣ ሁለት እጅሽን ዘርጊልኝ» አለቻት። ከጠረጴዛዋ አንድ ባዶ ወረቀት አነሳችና የተዘረጉት ጣቶቿ ላይ አጋደመችው።

ወረቀቱ ተንቀጠቀጠ። ድምፁ ይሰማኝ ነበር፣ ነፋስ እንደነካው ቅጠል ሽ... ሽ... ይላል።

ከዚያ ከኋላዋ ቆማ አንገቷን በሁለት እጇ ዳሰሰች፣ ውሃ ሰጥታ «ዋጪ» አለቻት፣ የእጇን ትርታ ሰዓት ይዛ ቆጠረች። ቁጭ ብላ ከ120 በላይ ይመታል። እኔ ጠጋ ብዬ በጆሮዋ «ጫት ይሆን እንዴ?» አልኳት። እሷ በጆሮዬ አልመለሰችልኝም። ልጄ እንድትሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ኧረ እናቴ! ይቺ ልጅ ታማለች እንጂ ምንም አላጠፋችም» አለች። ልጄ እዚያው አለቀሰች። እኔስ?

በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ጽፋ ላከችን፤ «የታይሮይድ ደም ምርመራ ሳይሠራላት እንዳትመለሱ» ብላ። ውጤቱ እሷ እንዳለችው ሆነ፣ አንገት ላይ ያለችው ዕጢ ከልክ በላይ ትሠራለች። ዶክተሩ በደንብ አስረድቶኛል፣ እኔ ግን የገባኝ ሲስተር ስትነግረኝ ነው፤ «ነዳጁ ተጣብቆበት ቆሞም የሚጮህ ባጃጅ አስቢ» አለችኝ። ጎረቤት ሁሉ እንቅርት ነው፣ አዮዲን ያለው ጨው አብዢላት ሲለኝ ስለነበር እሱንም ጠየቅኳት። የእሷ ሕመም ከጨው እጥረት የመጣ አይደለም፣ በራስሽ ምንም እንዳትጨምሪ አለችኝ። ቁልቢ ገብርኤል ተስዬ እንደነበረም ነገርኳት። እሷ ሙስሊም ናት፤ ሳቀችና «ስለትሽን አድርሺ፣ ክኒኑ ግን አንድ ቀን እንዳይቋረጥ» አለችኝ።

የክኒኑን ስም ዛሬም አስተካክዬ አልጠራውም። ቶሎ አይሠራም፣ ለውጥ ለማየት ሳምንታት ጠብቀናል። ሲሻላትም አይቆምም፣ ዓመት ከመንፈቅና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል ተብለናል። አንድ ሰሞን መድኃኒቱ ከተማው ውስጥ ጠፍቶ ሲስተር በራሷ ስልክ ፋርማሲ ለፋርማሲ እየደወለች ነው ያገኘችልን።

አንድ ነገር ደጋግማ አስጠንቅቃናለች፦ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ክኒኑን አቁማ በዚያው ቀን ደሟ ይታይ። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ የነጭ የደም ሴልን ቁጥር ያወርዳል አሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በእሑድ ቀን ጉሮሮዋን ያዛት፣ ሰውነቷ እሳት ሆነ። እኔ ነገ ሰኞ ነው ልል ነበር። ለሲስተር ብደውል «ነገ የሚባል የለም፣ አሁን ተነሱ፣ ድንገተኛ ክፍል እንገናኝ» አለች። ዕረፍቷን ትታ በባጃጅ መጣችልን። ደሟ ደህና ሆኖ ተገኘ፣ ቶንሲል ነበር፣ መድኃኒቷንም ዶክተሩ አስቀጠላት። እስኪነግሩን ድረስ ግን ሲስተር አግዳሚው ላይ እጄን ይዛ ተቀምጣ ነበር።

ፈተናውን ታውቁታላችሁ። በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው አሠራር ተፈታኙ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ነበር የሚያድረው፣ ስልክ አይያዝም፣ እናት አትደውልም ነበር። እኔን ያስጨነቀኝ ጥያቄው አልነበረም፣ ክኒኑን ማን ያስታውሳታል የሚለው ነው። ሲስተር ክኒኑ ከነማሸጊያው እንዲያዝ አደረገች፣ ከሆስፒታሉ የሕመም ማስረጃ አጽፋ አመጣችልን፣ የሚወሰድበትን ሰዓትም በካርቶን ጽፋ ሰጠቻት። ከካርቶኑ ግርጌ «ውሃ ጠጪ፣ ተኚ፣ አትቸኩዪ» ብላበታለች። በር ላይ ፈታሾቹ ማስረጃውን አይተው አሳለፏት።

አልፋለች! ከግማሽ በላይ አምጥታለች። በሕመሙ ወራት ያመለጣት ባይኖር ከዚህም ትበልጥ ነበር እላለሁ፣ እናት ነኝና ፍቀዱልኝ። ያ የትምህርት ቤት ሰውም መንገድ ላይ አግኝቶኝ «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎኛል። ይቅርታ ግን አልጠየቀም። እኔ ልጄን ጠይቄያለሁ፤ «አንቺስ ቢያንስ ዳቦዬን መልሰሽልኛል» ብላ ሳቀችብኝ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ እየበላ ከከሳ፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ልቡ ከደለቀ ቦርሳውን አትፈትሹ። እባካችሁ ወደዚህች ሲስተር ውሰዱት። ደግሜ እላለሁ፣ ውሰዱት። እሷ ሐኪም ነኝ አትልም፣ ግን ሰው ታያለች፣ የሚያክመውንም ታውቃለች።

ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ከረፈደ ወረፋው አይቻልም። ገንዘብ ወይም ስጦታ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ትቆጣለች። እኔ ሦስቴ ተመልሶብኛል። የሐረር ሀላዋ ከሆነ ግን «ለልጆቹ እወስደዋለሁ» ትላለች፣ ልጅ እንኳን የላትም።