ከቅድሚያ ዙር እምቢታ በኋላ፦ መደበኛው ዙር ወይስ አንድ ዓመት መቆየት?

ለአሜሪካዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለሃርቫርድ ወይም ለየል በቅድሚያ ዙር (ከመደበኛው ቀደም ብሎ በሚዘጋው የማመልከቻ ዙር) ያመለከተ ተማሪ መልሱን የሚያየው ብዙ ጊዜ በታኅሣሥ የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ነው። «አልተቀበልንም» ከተባለ በዚያው ዓመት እዚያው ዳግም ማመልከት አይቻልም፤ «ወደ መደበኛው ዙር ተሸጋግሯል» ከተባለ ግን ጉዳዩ አላለቀም። ያን ዕለት ማታ አልቅሱ፣ ተኙ፤ ምንም ቅጽ አትክፈቱ።

መደበኛውን ዙር ከመረጣችሁ፣ ብዙ ኮሌጆች ታኅሣሥ 23 አካባቢ ስለሚዘጉ በእጃችሁ ያለው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ የሚመለከትበት ድረ ገጽ ኮመን አፕ እስከ 20 ኮሌጅ ይፈቅዳል፤ በዚህ ጊዜ ግን ከ6 እስከ 8 ይበቃል። ለሁሉም ኮሌጆች የሚላከውን ባለ 650 ቃል ዋና ድርሰት ብዙ አትነካኩት፤ ጊዜ የሚበላው የየኮሌጁ ተጨማሪ ጥያቄ ነው። ብዙዎች የሚሰናከሉት በገንዘቡ ነው። የውጭ ተማሪን የመክፈል አቅም ሳያዩ የሚቀበሉት እንደ አምኸርስት ኮሌጅ ያሉ ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ሲወስኑ የጠየቃችሁትን የገንዘብ ድጋፍም ያመዛዝናሉ። ስለዚህ የወላጅን የደመወዝ ደብዳቤ በመጀመሪያው ቀን አስጽፉ፤ የገና በዓል ሲቃረብ ፈራሚው ላይገኝ ይችላል። ቤት ውስጥ መብራት ወይም ኢንተርኔት ካስቸገረ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ።

አንድ ዓመት ቆይቶ በሚቀጥለው ዓመት ዳግም ማመልከት የሚሻለው ውጤቱ ወይም ድርሰቱ በእርግጥ ደካማ ከነበረ ነው። ወጥመድም አለው፦ እስከዚያው ብላችሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በመደበኛነት ከተመዘገባችሁ፣ ብዙ ኮሌጆች የሚያዩአችሁ እንደ ዝውውር አመልካች (ከሌላ ዩኒቨርሲቲ እንደሚዛወር ተማሪ) ነው፤ ለውጭ አገር ዝውውር ተማሪ ደግሞ ድጋፉ እጅግ ጠባብ ነው።

እኛ መደበኛውን አስቀድሙ እንላለን። መልሱ በመጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ ሲመጣ፣ ስለ መቆየት ለመወሰን አሁንም ጊዜ አለ።