ለነፍሰ ጡር ቫይታሚን ከመሸጡ በፊት የሚጠይቅ የደብረ ብርሃን ፋርማሲ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚገኝ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ፋርማሲ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ምክር ከሚሸጠው መድኃኒት በላይ ሊነገርለት የሚገባ ነው። ነፍሰ ጡር እህቴ የጠየቀችው «ጠንከር ያለ መልቲቫይታሚን» ነበር። ፋርማሲስቷ ግን በቅድሚያ እርግዝናው ስንት ሳምንት እንደሆነው፣ ከጤና ጣቢያ አይረንና ፎሊክ አሲድ ተሰጥቷት እንደሆነ፣ ለብጉር የምትውጠው መድኃኒት መኖር አለመኖሩን ጠየቀቻት። ከዚያም ጠርሙሱን አዙራ «ሬቲኒል ፓልሚቴት» በሚለው መስመር ሥር እስክሪብቶዋን እያስኬደች፣ «ቤታ ካሮቲን ቢሆን ኖሮ አልጨነቅም ነበር፤ ዱለትስ ያዘወትራሉ?» አለቻት። ሬቲኒል ፓልሚቴት የሬቲኖል፣ ማለትም የተዘጋጀ ቫይታሚን ኤ ዓይነት ሲሆን፣ ቤታ ካሮቲን ግን ሰውነት ራሱ ወደ ሬቲኖል የሚለውጠው የአትክልትና የፍራፍሬ ቀለም ነው።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተነሣም። ፅንሱ ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጅ በኩል የሚያገኘውን ሬቲኖል በራሱ ኢንዛይሞች በመጀመሪያ ወደ ሬቲናል፣ ቀጥሎም ወደ ሬቲኖይክ አሲድ ይለውጠዋል፤ ይህ አሲድ በሴሎች ኒውክሊየስ ውስጥ ካሉ ተቀባዮች ጋር ተጣምሮ የትኛው ጂን እንደሚሠራና እንደማይሠራ ስለሚወስን፣ የኋለኛው አንጎል፣ የልብና የዓይን አፈጣጠር ያለ እሱ አይሰምርም። በማያስፈልግበት ቦታ ደግሞ ሌሎች ኢንዛይሞች ያፈርሱታል። ማነሱም መብዛቱም የሚጎዳው በዚህ የተነሣ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍሬድ ሄል እ.ኤ.አ. በ1933 ቫይታሚን ኤ በጎደለው መኖ ከተያዘች አሳማ ዓይን የሌላቸው ልጆች መወለዳቸውን አሳውቋል። ፋርማሲስቷ ስለ ብጉር መጠየቋም ተገቢ ነው፤ ለብጉር የሚዋጠው አይሶትሬቲኖይን ራሱ የሬቲኖይክ አሲድ ዓይነት በመሆኑ እነዚያን የለውጥ እርምጃዎች ዘሎ ፅንሱ ዘንድ ስለሚደርስ፣ የጆሮ፣ የልብና የአንጎል ጉድለት ያስከትላል።

ሰውነት ክምችቱ ሲሞላ ከካሮቲን የሚያወጣውን ሬቲኖል ስለሚቀንስ፣ ከሸዋ ሮቢት የሚመጣው ፓፓያም ሆነ የጓሮ ጎመን በዚህ ረገድ አያሰጋም። ዱለት ውስጥ የሚገባው ጉበት ግን የያዘው የተዘጋጀ ሬቲኖል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር ካስቀመጠው የቀን ጣሪያ፣ ማለትም ከ10,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከ3,000 ማይክሮ ግራም፣ 100 ግራም የበግ ጉበት ብቻውን ያልፋል። (ዱለቱ ጥሬ ከሆነ የሚያመጣው ሌላ ጣጣ ሳይቆጠር ነው።) በጉ የመንዝ ስለሆነ የሚቀንስ ነገር የለም። ይኸው ድርጅት ቫይታሚን ኤን ለነፍሰ ጡር በክኒን መስጠትን የሚመክረው እጥረቱ የኅብረተሰብ ጤና ከባድ ችግር በሆነበት አካባቢ፣ ዳፍንትን ለመከላከል ነው እንጂ ለሁሉም በወል አይደለም።

እህቴ በመጨረሻ የወሰደችው ቫይታሚን ኤው ከቤታ ካሮቲን ብቻ የሆነውን ነው፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ልዩነቱ የሚከፈልበት ይመስለኛል።

ነቀፌታዬ መደርደሪያው ላይ ነው። ምክሩ ይህን ያህል ጥንቃቄ የተሞላበት ሆኖ ሳለ፣ ሬቲኖል የበዛበት የዓሣ ጉበት ዘይት ከነፍሰ ጡር ቫይታሚኖች ጎን ተደርድሮ ማየት ግር ያሰኛል፤ ፋርማሲስቷ በሌለችበት ሰዓት አንዲት ደንበኛ ራሷ አንሥታ ብትሄድ የሚያስቆማት የለም። መመካከሪያ ክፍልም ስለሌለ ስለ እርግዝና የሚጠየቀው ሁሉ ወረፋ የያዘ ሰው ጆሮ ይገባል፤ በገበያ ቀን ደግሞ ይብሳል። ከሌላ ቦታ የተገዛ ቫይታሚን ይዞ ለሚመጣም ያለ ክፍያ ስለሚያነቡለት፣ ቤት ያለውን ጠርሙስ ይዞ ከሰዓት በኋላ፣ ወረፋው ሲቀል መሄድ ይሻላል።