«ፊደሏማ አለች»፦ ለደብረ ብርሃኗ ጸሐፊ ምስጋና

ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ ከመንዝም ከአንኮበርም ከሸዋ ሮቢትም ለጉዳይ ወደ ከተማ የምትመጡ፣ የአማርኛ ጽሑፍ የምታስጽፉበት ሰው ከፈለጋችሁ አንዲት ልጅ ልጠቁማችሁ። ጠባሴ መንገድ ላይ ባለች ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። «ጋሼ፣ ስሜን እንዳይጽፉት» ስላለችኝ ስሟን አልጻፍኩም። ያደረገችልኝን ግን ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል።

ነገሩ የአባቴ ደብተር ነው። አባቴ መሐል ሜዳ ነው የሚኖሩት፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ ከአቅኚው አባት፣ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው ማለት ነው፣ ጀምረው እስከ ልጅ ልጆቻቸው ቆጥረው ጽፈዋል። የመንዝ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም ወደ ላይ ቆጥሮ ስለነበር፣ የዘር ቆጠራ ለአንድ ቤተሰብ የክርክር ማስረጃው ነበር። አሁን ለመሬት አይፈለግም። አባቴ ግን «ልጆቹ ከማን እንደተወለዱ ይወቁ» ብለው ነው የጻፉት። ርእሱንም «ኍልቈ ትውልድ» አሉት፤ የትውልድ ቆጠራ ማለታቸው ነው።

ደብተሩ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ጊዜ በኮምፒውተር ተጽፎ ነበር። ፋይሉ በፍላሽ ተቀምጦ ቆየ። ዘንድሮ ስንከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። ገጹ ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክትና ነጥብ የተዘበራረቀበት ሆነ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጽሕፈት ቤት ከደብተሩ እንደገና ይጻፍ አሉኝ፣ ተስማማሁ። ሲያልቅ ሽፋኑን አየሁት። ርእሱ ላይ ከ«ልቈ» በፊት ባዶ ሣጥን ተቀምጧል። ስጠይቅ «ይቺ ፊደል ኮምፒውተር ላይ የለችም» አሉኝና ወዲያው «ሁልቀ ትውልድ» አድርገው አስተካከሉት። ወስጄ ለአባቴ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዝም አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ፊደል ያስተማሩ ሰው ናቸው። ኍ ተራው ሁ አይደለም፤ የ«ኋላ» ኋ እህት ናት፣ ከኀ ቤት። ቈም ከቀ ጋር አንድ አይደለም። እኔም በጣም ነው ያዘንኩት።

ከዚያ ነው ሰው ወደዚህች ልጅ የመራኝ። ወረቀቱን ተቀብላ አየችው፣ ሣጥኑን በጣቷ ነካችው። «ጋሼ፣ ፊደሏማ አለች። ይሄ ፎንት ነው የሌላት» አለችኝ። ፎንት ማለት ኮምፒውተሩ ፊደላቱን የሚሥልበት የቅርጽ ስብስብ ነው፤ ልዩነቱ ግን ያኔ አልገባኝም ነበር። አጠገቧ ወንበር አቀረበችልኝና አሳየችኝ።

የዊንዶውስ ቁልፍንና የአር ፊደልን አንድ ላይ ተጫነች። በምትመጣው ትንሽ ሳጥን ውስጥ «ቻርማፕ» ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈችና አስገባች። ካራክተር ማፕ የሚባል መስኮት ተከፈተ። ይህ ፕሮግራም ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ሁሉ ላይ አለ፣ አይገዛም፣ ከኢንተርኔትም አይወርድም። እኔ ስንት ዓመት ኮምፒውተር ስጠቀም አይቼው አላውቅም። ላይኛው መስመር ላይ የፎንት ስም ይመረጣል። ከሥሩ ያ ፎንት በውስጡ የያዘው ፊደል ሁሉ እንደ ገበታ ፊደል በሰንጠረዥ ይደረደራል። የሌለውን አያሳይም። ዋናው ቁም ነገር እሱ ነው።

ከታች «አድቫንስድ ቪው» የምትለዋን ምልክት ስታደርግ ሌሎች ሳጥኖች ብቅ አሉ። አንደኛው የኮድ መሄጃ ነው። 1200 ብላ ስትጽፍበት ሰንጠረዡ ዘልሎ ሀ ላይ ቆመ። የእኛ ፊደል ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ የሚጀምረውም ከዚሁ ቁጥር ነው አለችኝ። ከዚያ ቀስ እያለች ወረደች። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ይሄዳል። ኀ ቤት ስትደርስ ቆመች። ኈ፣ ኊ፣ ኋ፣ ኌ። አምስተኛዋን ተጫነቻት። ፊደሏ ከሰንጠረዡ ተነሥታ ትልቅ ሆና መጣች፦ ኍ። እግሯ፣ ቅጥሏ፣ ሁሉም ተለይቶ ይታያል። «ይቺ አይደለችም እንዴ ጋሼ?» አለች። እሷው ናት! ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ቀጥላ የመጀመሪያው ጽሕፈት ቤት የተጠቀመበትን ፎንት መረጠችና እዚያው ቦታ ወሰደችኝ። ከኀ ቤት ኋ አለች፣ ኍ የለችም። የፎንቱ ሠሪ አልሣላትም። በቃ፣ ነገሩ ይሄ ነው። ፊደል አልጠፋም፣ የተመረጠው ልብስ አልበቃትም።

ፊደሏን ለማምጣትም ቁልፍ ሰሌዳው ላይ የትኛው ቁልፍ እንደሚያወጣት ማወቅ አያስፈልግም። ሁለት ጊዜ ስትጫናት ከታች ካለው መስመር ውስጥ ትገባለች። «ኮፒ» ይባላል፣ ከዚያ የጽሑፍ ፕሮግራሙ ዎርድ ላይ መለጠፍ ነው። ሌላም ዘዴ አሳየችኝ። ዎርድ ውስጥ የፊደሉን ኮድ ጽፎ ወዲያው አልትና ኤክስን አንድ ላይ መጫን። 1369 ብላ ጻፈች፣ ተጫነች፣ ቁጥሩ ፩ ሆነ። 1362 አራት ነጥብ ሆነ። ይቺን እኔ ራሴ አሁን ቤቴ እሠራባታለሁ።

የድሮውን ፋይልም እንዲሁ አልተወችውም። ደብተሩ ውስጥ በውሃ የደበዘዙ ሁለት ገጾች ስለነበሩ ፋይሉ የግድ ያስፈልገን ነበር። ዱሮ የተጻፈበትን ፎንት ከአንድ የቆየ ኮምፒውተር ፈልጋ አምጥታ ጫነችው። በካራክተር ማፕ ስትከፍተው የሚገርም ነገር አየሁ። ሰንጠረዡ ላይ የሚታየው የአማርኛ ፊደል ነው። ስትጫነው ግን ከታች የሚወጣው ስም የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚለው። ያን ጊዜ የእኛ ፊደል የራሱ ቦታ ስላልነበረው በእንግሊዝኛው ፊደል ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው። ፎንቱ ካለ አማርኛ ሆኖ ይታያል። ፎንቱ ከሌለ እንግሊዝኛው ብቻ ይቀራል፣ ያ የተዘበራረቀ ገጽ ይወጣል። ፊደላችን ከሁለት መቶ በላይ ስለሆነ ደግሞ አንዳንዶቹ የድሮ ፎንቶች ለሁለት ለሦስት ተከፍለው ነበር የሚሠሩት። ፎንቱን ስትጭን የደበዘዙት ሁለት ገጾች ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብለው ወጡ። የአያቴ እናት ስም እዚያ ውስጥ ነበር። እሱን ሳነብ ዕንባዬ መጣ።

ከዚያ ሁሉንም በዩኒኮድ ጻፈችው። በስልክም በቴሌግራምም ሲላክ እንዲነበብ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን እሷ ባታየው እኔ አላየውም ነበር። አባቴ ዓመተ ምሕረት የሚጽፉት በግእዝ ቁጥር ነው። የአያታቸው ዕረፍት ፲፱፻፵፱ ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያውን ገጽ አትማ ስትሰጠኝ ጥሩ ነው ብዬ ልከፍል እጄን ኪሴ ውስጥ አስገባሁ። «ቆይ ጋሼ፣ ቁጥሮቹን ይዩልኝ» አለች። ሳይ ፊደሉ ወፍራም ነው፣ ቁጥሩ ቀጭን። መረጥነው የነበረው ፎንት ቁጥሮቹ አልነበሩትም። ዎርድ ፎንቱ የሌለውን ፊደል ሲያገኝ፣ ፊደሉ ያለው ሌላ ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ ካለ ዝም ብሎ ከዚያ ይበደራል፣ አይናገርም። ካራክተር ማፕ ግን አይበደርም፣ እውነቱን ያሳያል። ስለዚህ የአባቴን ደብተር ይዛ ያልተለመዱትን ፊደላትና ምልክቶች በአንድ ወረቀት ላይ ለቀመቻቸው። ኍ፣ ቈ፣ ጐ፣ ነጠላ ሰረዙ፣ ድርብ ሰረዙ፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት ቁጥሮች። ከዚያ እያንዳንዱን ፎንት እየከፈተች ያለውን ምልክት አደረገች፣ የጎደለውን ሰረዘች። ሌላ ሰው ወረፋ ይዞ ቆሞ ነበር። እሱንም በትሕትና አስቀመጠችው እንጂ የእኔን ሥራ አላጣደፈችም።

በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። ኒያላ አንዱ ነው፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ከሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶችን ማስጫን ይፈልጋል፤ ስንት ሰው «ኒያላ ጠፋብኝ» እንደሚላት ነገረችኝ። ሌላው አቢሲኒካ ነው። በነፃ የሚሰጥ ፎንት ነው፣ ቅርጹም የእጅ ጽሕፈታችንን ተከትሎ የተሣለ ነው። በሁለቱም አንድ አንድ ገጽ አትማ ሰጠችኝ፣ «አባባ ይምረጡ» ብላ።

አባቴ አቢሲኒካውን መረጡ። «ይሄ የብራና ጽሑፍ ይመስላል» አሉ። ርእሱ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ኍን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «ማን ነው የጻፈው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እጇ ይባረክ፣ የወለደቻት እናት ትባረክ» ብለው መረቁ። ምርቃቱን ይዤ ሄጄ ነገርኳት።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ የተቀበለችኝ የገጽ ዋጋዋን ብቻ ነው። ጨምሬ ስሰጣት አልቀበልም አለች። ያን ሁሉ ሰዓት ፊደል ለፊደል ስታስተያይ የዋለችበትን አልቆጠረችም። እኔ ግን ይቆጠር እላለሁ። እናንተ ስትሄዱ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቋት፣ የድካሟንም ክፈሏት።

ለምትሄዱ ሰዎች ይቺን ልንገራችሁ። ፋይላችሁ የቆየ ከሆነ የተጻፈበትን ኮምፒውተር የምታውቁ እንደሆነ ፎንቱንም በፍላሽ ገልብጣችሁ ያዙ፣ ብዙ ድካም ይቀንስላታል። የእጅ ጽሑፍ ከሆነ ዋናውን ደብተር እንጂ በስልክ የተነሣ ፎቶ ብቻ አትውሰዱ። የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ፣ የግእዝ ጥቅስ ያለበት ሁሉ ለእሷ የሚሰጥ ነው። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ የተማሪ ወረፋ አለ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ትንሽ ታገሡ።

እቱ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባባ አሁን የእናቴን ወገን ቆጠራ ጀምረዋል፣ እስካሁን አርባ ገጽ ደርሷል። ከፋሲካ በኋላ ይዘን እንመጣለን፣ አብረውኝ ሊመጡም አስበዋል።