የወገብ ቀበቶ በመኪና ግርግር፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት

ለሚቸኩል ሰው ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ይህ ቀበቶ ሕመም አያድንም። ለአንዳንድ ሥራ ግን ጥሩ ደጋፊ ነው፤ እኔም ደግሜ እገዛዋለሁ። መስከረም ላይ ከአንድ ፋርማሲ ስገዛው የሁለት ቀሚስ የስፌት ዋጋ አስወጣኝ። ሰፊ ላስቲክ ነው፤ በጀርባው በኩል ጠፍጣፋ ብረቶች ገብተውበታል፣ ከፊት በቬልክሮ ይዘጋል።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚወስደው፣ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል ስረግጥ እውላለሁ። ወገቤን ካመመኝ ዓመታት አልፈዋል፤ ሲብስ ግራ እግሬን እስከ ባቴ ድረስ ይወርሰዋል። በኤምአርአይ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ፣ ማለትም እንደ ትራስ የሚያገለግለው ለስላሳ ክፍል፣ ወጣ ብሎ ታይቷል። ከዚያ በኋላ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር የሆነ ነገር የሚበጠስ እየመሰለኝ እፈራ ነበር። ፍርሃቴን ያቀለለችልኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናት፤ ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች እንኳ 30 በመቶ በሚሆኑት፣ ከ50 ዓመት ሰዎች ደግሞ 60 በመቶ በሚሆኑት ላይ ያበጠ ዲስክ በምስል እንደሚታይ ነገረችኝ። ከ3 ወር ያለፈ ሕመም ላይ ነርቩ ራሱ ቶሎ ደንጋጭ ስለሚሆን፣ አመመኝ ማለት ሁልጊዜ ተጎዳሁ ማለት አይደለም። ይህን ማወቄ ከየትኛውም ዕቃ በላይ ጠቅሞኛል።

ወደ ቀበቶው ስመለስ፣ የሚያገለግለኝ ቆሜ ጨርቅ ስቆርጥና ጣቃ ሳነሳ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከልክ በላይ ልጎነበስ ስል ብረቶቹ ይይዙኛል፤ ከጉልበቴ እታጠፋለሁ። ጨርቅ ለማምጣት ድሬዳዋ ስወርድም የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሳልጨነቅ አልፈዋለሁ። የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ስሰፋ ግን ምንም አይጠቅመኝም፤ የላይኛው ጠርዝ ጎድኔን ይወጋኛል፣ ሆዴንም ያጨናንቀኛል። ለመቀመጥ የበጀኝ ወንበሩን ከፍ ማድረግና በየጊዜው ተነሥቶ ካውያ ማንሳት ነው።

የሙያ ነገር ሆኖብኝ ስፌቱን በደንብ አይቼዋለሁ። ላስቲኩ ጥሩ ነው፣ እስካሁን አልላላም። ብረቶቹ የገቡበት ኪስ ግን ጫፉ ላይ በነጠላ ስፌት ነው የተዘጋው፤ ጥር ላይ አንዱ ብረት በስቶ ወጣ። በናይሎን ክር ደርቤ ሰፋሁት፣ ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም። ስትገዙ ያንን ጫፍ በጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ ፈትኑት። ቬልክሮው የጨርቅ ብናኝ ይሰበስብና መያዝ ያቅተዋል፤ በመርፌ ስለቅመው ይመለሳል። በእጅ በለብታ ውሃ ይታጠባል፣ ጥላ ላይ ይሰጣል።

ሐረር ቀዝቀዝ ስለሚል ከካናቴራ በላይ ሳደርገው አይከብደኝም። ድሬዳዋ ግንቦት ላይ ግን አይቻልም! ላብ ይዞ ቆዳዬን አሳከከኝ፤ አሁን ከተማዋ ስገባ አወልቀዋለሁ።

ማውለቁ ደግሞ ለሙቀት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ቀበቶ በመደበኛነት እንዲታዘዝ አይመክርም፤ የሚመክረው ትምህርትንና የአካል እንቅስቃሴን የመሰለ ነገር ነው። የኔም ወራት ይህንኑ መስክረዋል። እንቅልፌን የመለሰልኝ፣ የማስታገሻ ክኒኔንም ያስቀነሰልኝ ማታ ማታ ያለ ቀበቶ ከሸዋ በር ተነሥቼ የጀጎልን ግንብ ተከትዬ መሄዴና ጠዋት የምሠራው የሆድና የጀርባ ማጠንከሪያ ነው። ያልተራመድኩበት ሳምንት በቀበቶ አይካስም። መጥፎ ቀን አሁንም አለ፤ ያን ቀን መንገዱን አሳጥራለሁ እንጂ አልተኛም።

አጠገቤ የሚሰፉ አባት ቀበቶዬን አይተው «ልጄ፣ ለኔም አንድ ግዛልኝ» አሉኝ። ሌሊት ሌሊት እንደሚብስባቸው፣ እንደሚያልባቸውና እንደከሱ ስለማውቅ «አባባ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት» አልኳቸው። የአከርካሪ ቲቢ እንዲህ ሊጀምር ይችላል፣ በቀበቶ ደግፎ መሰንበት አደጋ ነው። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ በጭኖቹ መካከል የደነዘዘው ወይም እግሩ እየከዳው ያለ ሰው ደግሞ ፋርማሲ ሳይሆን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ቀበቶ ለሚያስፈልገው፣ በሱሪ ቁጥር አትግዙ። ቆማችሁ፣ ሆድ ሳትስቡ፣ እምብርት ላይ በሜትር ተለኩና በሴንቲ ሜትር ጠይቁ። ሜትር የሌለው መኪና ግርግር ብቅ ቢል እኔ እለካዋለሁ።