ጭራሮ መሳዩን ነፍሳት ለለየችልን የግብርና ባለሙያ ከሐይቅ የተላከ ምስጋና

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የሐይቅና የአካባቢዋ ልጆች፣ በደሴም በኮምቦልቻም በወልድያም ያላችሁ ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው በተሁለደሬ ወረዳ፣ በኛ ቀበሌ የምትሠራውን የሰብል ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን ነው። እናንተም በማሳችሁ ወይም በአጥራችሁ የማታውቁት ነፍሳት ሲገጥማችሁ መድኃኒት ከመርጨታችሁ በፊት እንደሷ ያለ ባለሙያ ጥሩ። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ ፈቃዷን አክብሬያለሁ። የቀበሌው ሰው መቼም ያውቃታል።

በመስከረም እናቴ አጥራችንን ስታጸዳ ቀጋው ላይ ደርቆ የተንጠለጠለ ጭራሮ አይታ ልትነቅል እጇን ስትሰድ ጭራሮው እግር አወጣና ወደ ላይ መራመድ ጀመረ። ጩኸቷን ሰምቶ የመጣው ጎረቤት ሁሉ ከበበው። ቡናማ ነው፤ ከመሃል ጣት ይረዝማል፤ ውፍረቱ ከስንደዶ እምብዛም አይበልጥም። ነፋስ ሲመጣ ከቅርንጫፉ ጋር አብሮ ይወዛወዛል፤ ነፋሱ ሲያቆም ድርቅ ይላል። አንዱ የአንበጣ ልጅ ነው አለ። ሌላው ከብት ከሣር ጋር ከዋጠው ሆዱን ነፍቶ ይገድለዋል አለ። ከምሳ በፊት ወሬው መንደሩን አዳርሶ ነበር።

በዚህ ፍርሃት ማንም ሊስቅ አይገባውም። በ2013 ዓ.ም. መኸር የበረሃ አንበጣ ቆቦን፣ ሀብሩን፣ ወረባቦን፣ ቃሉን ሲወርር የደረሰ ማሽላና ጤፍ ዓይናችን እያየ ተበልቷል። ሽማግሌው ጅራፍ እያጮኸ፣ ልጁ ቆርቆሮ እየደበደበ ከማሳ ማሳ የሮጠበት ጊዜ ነው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው መጤ ተምች በቆሏችንን በልቶብናል። ስለዚህ አንድ ጎረቤታችን ከቤቱ የተረፈውን ማላታይን የተባለ የተባይ መድኃኒት በመርጫው በጥብጦ ሲመጣ ጎሽ ያልተባለበት ምክንያት ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ ለባለሙያዋ ደውሎላት ኖሮ «እስካየው ድረስ እባካችሁ ምንም እንዳትረጩ» ብላ ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጭቃውን በእግሯ አቋርጣ መጣች። መጀመሪያ ያየችው ነፍሳቱን አልነበረም። አጥሩን፣ ከአጥሩ ጀርባ ያለውን ማሽላ፣ ከጓሮ የተሰቀሉትን ቀፎዎች ዞራ አየች። አደይ አበባ የፈነዳበት፣ ንብ ቀን ሙሉ የሚመላለስበት ጊዜ ነው፤ ማላታይን ንብን ይፈጃል። የአጥሩ ቀጋ ላይ ቢረጭ ኖሮ የኛም የጎረቤቶቻችንም ቀፎ ባዶውን ይቀር ነበር። ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ለዚህ ነው።

ከዚያ ማጉያ መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ሁላችንንም ጠራችን። ስሙን ነግራን ብትሄድ ማንም አይወቅሳትም ነበር፤ እሷ ግን እንድናይ አደረገችን። «አንበጣ ነው» ሲሉ ለነበሩት አዛውንት መነጽሩን አቀበለቻቸው።

«አባባ፣ እስቲ የኋላ እግሩን ይዩልኝ። አንበጣና ፌንጣ ሲዘሉ የሚገፉበት ወፍራም ጭን አላቸው። ይኼ አለው?»

«የለውም ልጄ። ስድስቱም እግሩ አንድ ዓይነት ቀጭን ነው።»

«ክንፍስ?»

«ክንፍም የለው።»

የፊት እግሩን አጥፎ አድብቶ ዝንብ ከሚይዘው ነፍሳት የሚለየውም እንዲሁ በእግሩ ነው። የዚያኛው የፊት እግር እሾህ ያለውና የሚታጠፍ ወጥመድ ነው፤ ራሱም ሦስት ማዕዘን ሆኖ ወዲያ ወዲህ ይዞራል። የኛው የፊት እግሮቹን ከራሱ ፊት ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ ነበር፤ እሾህ የላቸውም። አንዳንድ የእሳት እራት አባጨጓሬም ቅርንጫፍ መስሎ እንደሚቆም ነገረችን፤ የሱ ገላ ግን ልስልስ ነው፤ ረጅም አንቴናም የለውም፤ ከኋላ ባሉት አጫጭር እግሮች ነው የሚጣበቀው። እንዲህ አንድ በአንድ ስታጠራ፣ ቅጠል ከመብላት በቀር ሌላ ሥራ የሌለው፣ ቀን ተደብቆ ማታ የሚንቀሳቀስ፣ በዓለም ላይ ከ3,000 በላይ ዝርያ ያለው የጭራሮ መሳይ ነፍሳት ወገን መሆኑን ራሳችን ደረስንበት። አይናደፍም፣ አይመርዝም፣ እንደ አንበጣም በመንጋ አይነሳም። ከብት ይገድላል ላሉትም አክብራ፣ ሳትሳለቅ፣ ከቅጠል በቀር በአፉ የሚያስገባው ነገር እንደሌለ አስረዳቻቸው።

ልጆቹ አንድ እግሩ ከሌሎቹ ማጠሩን አይተው ጠየቋት። ገና በልጅነቱ እግሩ ሲቆረጥ ቆዳውን በቀየረ ቁጥር አዲሱ እያደገ ይተካል አለች። በመሐል እጇ ቢነካው እግሮቹን ሰብስቦ መሬት ላይ ወድቆ ቀረ፤ ሞተ ብለን ስንደነግጥ የሞተ መምሰል አንዱ መከላከያው መሆኑንና ትንሽ እንድንታገሥ ነገረችን። ቡናው አቦል ሳይደርስ ተነስቶ ሄደ።

ማታውን ከቀጋው ቅርንጫፍ ጋር ክዳኑ በተበሳ ባልዲ ውስጥ እንድናሳድረው ጠየቀችን። ጠዋት ተመልሳ መጥታ ባልዲውን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘረገፈችው። ከኩሱ መሐል ከጎመን ዘር ከፍ የሚሉ ጠንካራ ፍሬዎች ነበሩ፤ እኛ የቀጋ ዘር መስሎን ነበር። በማጉያው ስናይ እያንዳንዱ ጫፉ ላይ ትንሽ ክብ ክዳን አለው፤ ጫጩቱ የሚወጣው ያንን ገፍቶ ነው። እንቁላል ነው! ሴቲቱ እንዲሁ ወደ መሬት ትጥለዋለች። የአንዳንዶቹ ዝርያዎች እንቁላል ጫፉ ላይ ጉንዳን የሚወደው እብጠት ስላለው ጉንዳኑ ዘር መስሎት ተሸክሞ ጉድጓዱ ያስገባዋል፤ እዚያ ከጠላት ተሰውሮ ይቆያል። በበርካታ ዝርያዎች ደግሞ ሴቷ ያለ ወንድ የጣለችው እንቁላል ይፈለፈላል። እናቴ ይህን ስትሰማ «ሱብሃነላህ» ብላ መነጽሩን ከእጃችን ነጠቀችን።

ባለሙያዋ የዝርያውን ስም በግምት አልጠራችም። ለዚያ ከነፍሳቱ ጋር እንቁላሉም እንደሚመረመር፣ የእንቁላሉ ቅርጽ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ ብዙ እንደሚናገር ገልጻ፣ ጥቂቱን በብልቃጥ አድርጋ ለባልደረቦቿ ለመላክ ወሰደች። በዚህ ጥንቃቄዋ ይበልጥ አመንኳት። ምንም ጉዳት የለውም ብላም አልዋሸችንም፤ በአውስትራሊያ የባሕር ዛፍ ደን ቅጠል ያራገፉ ዝርያዎች መኖራቸውን ነግራ፣ በአጥሩ ላይ ብዙ ሆነው ካየን እንድንጠራት አሳሰበች።

ነፍሳቱን ይዘነው እንቅር ላሉት ልጆች የነገረቻቸውን እኔም አልረሳውም። በአውስትራሊያ ሎርድ ሃው በምትባል ደሴት በ1918 እ.ኤ.አ. አንድ መርከብ ዳርቻ ላይ ተሰንቅሮ አይጦች ከውስጡ ወጡ፤ በዚያ የነበረውን ትልቅ ጭራሮ መሳይ ነፍሳት ጨረሱት። ጠፋ ተብሎ ከኖረ በኋላ በ2001 እ.ኤ.አ. ከደሴቷ ራቅ ብሎ ባሕር ውስጥ በቆመ ገደላማ ዓለት ላይ፣ ቁጥቋጦ ሥር ጥቂቶች በሕይወት ተገኙ። ይህን ሰምተው ልጆቹ ራሳቸው ወደ ቀጋው መለሱት።

አሁን ወደ ጥቆማዬ። በየቀበሌው የገበሬ ማሰልጠኛ ማዕከል የሰብል ባለሙያ አለ፤ ካጣችሁ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ጠይቁ። በሰሜን ወሎ ያላችሁ በሀብሩ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ቅርባችሁ ነው። እኛ አምስት ሣንቲም አልከፈልንም። ከመደወላችሁ በፊት ነፍሳቱን አትግደሉት፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ራሱንና የኋላ እግሩን ለየብቻ ፎቶ አንሱት፤ መጠኑ እንዲታወቅ ማስመሪያ ወይም ሣንቲም አጠገቡ አስቀምጡ። የትኛው ተክል ላይ እንዳገኛችሁት መንገር አትርሱ፤ እሷ በመጀመሪያ የጠየቀችን ይህንኑ ነበር።

እህቴ፣ አበሽሪ! ቀፎዎቻችን በንብ ተሞልተው ያሉት ባንቺ ነው፤ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ የእናቴ ዱዓ አይለይሽ። በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያላችሁ የሐይቅ ልጆች ደግሞ፣ የምትጠቀምበት ማጉያ መነጽር የገዛ ገንዘቧ ነው፤ መያዣውም ተሰንጥቆ በፕላስተር ታስሯል። ስትመጡ ጥሩ ማጉያና ክዳን ያላቸው ትናንሽ ብልቃጦች ይዛችሁ ማሰልጠኛ ማዕከሉ አድርሱላት።