ሁለት ነጥብና አንድ ያላየሁት ጎል፦ የአርሰናል የ2023/24 የውድድር ዘመን

የምተዳደረው ሂሳብ በመያዝ ነው። ቀን ቀን የሌሎችን ገቢና ወጪ እመዘግባለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የራሴን ኪሳራ። በዚህ የውድድር ዘመን አርሰናልን ለማየት ያወጣሁትን በአንዲት ባለ 50 ገጽ ደብተር ይዤዋለሁ፦ 40 ጨዋታ፣ መግቢያ 30 ብር፣ ድምር 1,200 ብር። ሻዩን አላስገባሁትም። ሰው አንድ ጫማ ገዝቶ አስተያየት ይሰጣል፤ እኔ አሥር ወር ለከፈልኩበት ነገር ዝም የምልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ቤቱ ቶሎ ብዬ ልለፍ። ኳስ የማየው ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ፀሐይ ሲሆን ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ ዝናብ ሲሆን የጨዋታ አስተላላፊው ድምፅ አይሰማም። መሀል ላይ ጣሪያውን የያዘ ግንድ ቆሟል፤ ከግንዱ በስተግራ የተቀመጠ ሰው የስክሪኑ ቀኝ ጥግ ስለሚከለልበት ጎል መግባቱን የሚያውቀው ከጎረቤቱ ፊት ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሌላው ኳስ ቤት ደግሞ ሥርጭቱ ከእኛ ሁለት ሰከንድ ያህል ይቀድማል። መጀመሪያ ጩኸቱ ይመጣል፤ ቀጥሎ ኳሷ እኛ ጋ ትገባለች። ባለቤቱ ጋሼ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ናቸው። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ አሸንፈናቸዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሻዩን ያቀረቡልን ራሳቸው ነበሩ፣ ስኳር ግን አልነበረበትም።

አሁን ወደ ቡድኑ። 89 ነጥብ፣ 28 ድል፣ 5 አቻ፣ 5 ሽንፈት። በ2003/04 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ ያነሳው አርሰናል የሰበሰበው 90 ነበር። ከዚያ ቡድን በአንድ ነጥብ ብቻ ያነሰ ቡድን ሁለተኛ ወጣ፤ ማንችስተር ሲቲ 91 አምጥቷልና።

ሰፈራችን ውስጥ ዋንጫው የጠፋው ሚያዝያ 6 ነው የማይል የለም። ያን ቀን ለዋንጫው የሚፎካከረን ሊቨርፑል ገና ከሰዓት በኋላ በገዛ ሜዳው በክሪስታል ፓላስ ተሸንፎ ነበር፤ የምሽቱን ጨዋታ የገባነው እየተሳሳቅን ነው። አስቶን ቪላ በ84ኛው ደቂቃ በቤይሊ፣ በ87ኛው በዋትኪንስ አስቆጥሮብን ወጣ። አሠልጣኙ ደግሞ እኛው ያሰናበትነው ኡናይ ኤምሪ። ሁዳዴ ስለነበር ንዴቱን በሥጋ እንኳን ማስታገስ አልቻልንም። አመመኝ፣ አልክድም። ደብተሬ ግን ከሰፈሩ ጋር አይስማማም። ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ወዲህ በተደረጉት 18 የሊግ ጨዋታዎች ከ54 ነጥብ 49ኙን ወስደናል፤ በጠቅላላው የተሸነፍነው ያችኑ አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት 20 ጨዋታዎች ያመጣነው 40 ብቻ ነበር። ዕዳው ያለው እዚያ ነው።

ለምሳሌ ታኅሣሥ 18 ሌሊት፣ የገብርኤል ዋዜማ፣ ከዌስትሃም ጋር። ስሙ ገብርኤል የሆነ ተከላካይ ስላለን ሌሊቱ የእኛ መስሎን ነበር። 30 ጊዜ ወደ ጎል ሞከርን፤ አንዷም አልገባችም። እነርሱ ሁለት አገቡ፣ ሁለተኛውን ያስቆጠረው የቀድሞ ልጃችን ማቭሮፓኖስ። ከቤቱ ስወጣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፏል። ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አንዲት እናት ፊቴን አይተው ቆሙ።

«ምን ሆንክ ልጄ፣ ሰው ሞተብህ እንዴ?»

«አይ እማማ፣ ኳስ ነው።»

«እግዜር ያጽናህ» ብለው አለፉ።

ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ፉልሃም ሜዳ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፍን። ፉልሃም! የዘመኑ ቁልፍ ያለው እርሱ ጋ ነው፤ ይህን የምለው ግን ስለ ታኅሣሡ ጨዋታ አይደለም።

ነሐሴ 20 ቀን 2015፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ፉልሃም ገና በመጀመሪያው ደቂቃ አገባብን። በ70ኛው ሳካ በፍፁም ቅጣት ምት፣ በ72ኛው ንኬቲያ ገለበጡት። በ83ኛው የፉልሃሙ ካልቪን ባሲ በቀይ ካርድ ወጣ። 2 ለ 1 እየመራን፣ በሜዳችን፣ አሥር ሰው ላይ፣ ሰባት ደቂቃ ሲቀር መብራት ጠፋ። ጄነሬተሩን ሊያስነሱ ሄዱ፤ ቤንዚን የለውም። ጋሼ የስልካቸውን መብራት እያበሩ «በቃ አሸንፋችኋል፣ ሂዱ» ብለው አስወጡን። ጭቃውን እየዘለልኩ ቤቴ ገባሁ፣ ለባለቤቴ 2 ለ 1 አልኳት፣ ደብተሩ ላይም «3 ነጥብ» ብዬ ጻፍኩ። በማግሥቱ ዳቦ ልገዛ ስወጣ የባለሱቁ ልጅ «ጋሼ፣ አቻ ወጣችሁ አይደል?» አለኝ። ፓሊንያ በ87ኛው ደቂቃ አግብቶብን ኖሯል። ሦስቱን ሰርዤ አንድ አደረግኳት። ስርዙ አሁንም ደብተሬ ላይ አለ።

እስቲ አብረን እንደምር። ያቺ ጎል ባትገባ ሁለት ነጥብ ይጨመርልን ነበር፤ 91። ሲቲም 91። ነጥብ እኩል ሲሆን የጎል ልዩነት ይታያል። ሲቲ 96 አግብቶ 34 ገባበት፤ ልዩነቱ 62። እኛ 91 አግብተን 29 ገባብን፤ ልዩነቱ 62። እኩል ነው። አሁን የፓሊንያን ጎል ከ29ኙ ላይ ቀንሱ፦ 63። ሦስት ጊዜ ደምሬዋለሁ፤ ሂሳቡ አይነቃነቅም። ባለቤቴ «አምስቱ ሽንፈትስ?» ትለኛለች። ልክ ናት፤ ነገር ግን እነዚያን በዓይኔ አይቼ ነው የተቀበልኳቸው። የዋንጫዋን ጎል አላየኋትም።

የተገዙትን ዕቃዎች በተመለከተ፦ ዴክላን ራይስ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ተብሎ ሲመጣ ያን ያህል ገንዘብ ለኳስ ቀሚ ይወጣል ወይ ብዬ ተከራክሬ ነበር። ዩናይትድ ላይ በ96ኛው፣ ሉተን ላይ በ97ኛው ደቂቃ ያገባቸውን ሁለቱን ጎሎች ካየሁ በኋላ ክርክሬን አንስቻለሁ። ሃቨርትዝ ላይ ግን ከሁሉም የባሰ የተሳደብኩት እኔ ነኝ። ቦርንማውዝ ላይ ጓደኞቹ አዝነውለት ፍፁም ቅጣት ምት ሲሰጡት «ምጽዋት» ብዬ ስቄአለሁ። ዘመኑን በ13 የሊግ ጎል ጨረሰ፤ ብሬንትፎርድን ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ የገደለው እርሱ ነው። እዚህ ላይ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ተከላካያችን ሳሊባ በሊጉ አንዲት ደቂቃ እንኳን አላረፈም። ስለ እርሱ መጻፍ አስቸጋሪ ነው፤ ሥራው አይታይም፣ የሚታየው አጥቂው ተስፋ ቆርጦ ኳሷን ወደ ኋላ ሲመልስ ነው። የሁለቱ ግብ ጠባቂዎቻችን የራያና የራምስዴል ጉዳይ ቤቱን ለሁለት ከፍሎት ነበር፤ ራያ በ16 ጨዋታ መረቡን ሳያስደፍር የወርቅ ጓንቱን ሲወስድ ክርክሩ አለቀ። የማዕዘን ምቱማ ሌላ ነገር ነው። ኒኮላ ዦቨር የሚባለው የቆመ ኳስ አሠልጣኝ ከመስመሩ ዳር ብድግ ሲል፣ ቤን ኋይት ግብ ጠባቂው ሥር ገብቶ ሲጋፋው፣ ገብርኤል ከኋላ ሲንደረደር፣ ጋሼ ሳይቀሩ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ።

የጎደለው? ሁነኛ ጨራሽ። ገብርኤል ጄሱስ በሊጉ 4 ጎል ነው ያገባው። በዚያ በዌስትሃም ሌሊት አንድ እግር ብቻ ነበር የጠፋው።

ሻምፒዮንስ ሊግ ላይ ብዙ አልቆይም። ከፖርቶ ጋር ወደ መለያ ምት ሄደን ራያ ሁለቱን ሲያድን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ በባየርን ወጣን፤ በማግሥቱ ቢሮ አርፍጄ ገባሁ።

ይልቅ የማልረሳው በዓላቱን ነው። ዘንድሮ የጨዋታው መርሐ ግብር የእኛን ካሌንደር አይቶ የወጣ ይመስል ነበር። ገና ማታ በኤፍኤ ዋንጫ ሊቨርፑል 2 ለ 0 አሰናበተን፤ ዶሮ ወጡ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ጥምቀት ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ግን ፓላስን 5 ለ 0፣ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ማርቲኔሊ በደቂቃ ልዩነት፣ አንድ ዓይነት አድርጎ። ሆሳዕና ዕለት ቶተንሃም ሜዳ፦ የዘንባባ ቀለበት በየጣቱ ያሰረው ደጋፊ እስከ ዕረፍት 3 ለ 0 እያለ ይስቃል፤ በ87ኛው 3 ለ 2 ሲሆን ከአጠገቤ የነበረው ልጅ ቀለበቱን አውልቆ እያኘከ ነበር። ቅዳም ስዑር ቦርንማውዝ 3 ለ 0። ዳግማይ ትንሣኤ ዩናይትድን በሜዳው 1 ለ 0፣ ስኳር የሌለው ሁለተኛው ሻይ።

በመጋቢት 22 የሲቲ ጨዋታ ዕለት ደግሞ እንግሊዞች ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት አስቀደሙ። እንደ ለመዱት ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ብለው የመጡ ሰዎች የደረሱት ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ሲል ነው።

«ስንት ለስንት?»

«ባዶ ለባዶ።»

«ምን አመለጠን?»

«ምንም።»

ሙሉ 30 ብር ከፈሉ። እስከ መጨረሻውም ባዶ ለባዶ ነበር። ሁለት ቡድኖች እርስ በርስ ሲፈራሩ ለማየት ግማሹ ይበቃል፤ በዚያ ቀን ትርፍ ያገኙት አርፋጆቹ ናቸው።

የመጨረሻው ቀን ግንቦት 11 ነበር። ጋሼ የቤታቸውን ቴሌቪዥን አምጥተው ከትልቁ ስክሪን ጎን አቆሙት፤ በትልቁ እኛ ከኤቨርተን፣ በትንሹ ሲቲ ከዌስትሃም። ትንሹ ገና በሁለተኛው ደቂቃ የሲቲው ፎደን ሲያገባ አሳየን፣ በ18ኛውም ደገመ። በ40ኛው ኤቨርተን በእኛ ላይ አገባ። ከዚያ በ42ኛው ኩዱስ በመቀስ ምት ለዌስትሃም አስቆጠረ፤ ያ ጩኸት ሳይበርድ በትልቁ ስክሪን ቶሚያሱ አቻ አደረገን። ሁለቱ ስክሪኖች አንድ ላይ ለእኛ ያደሉት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ልጅ ግንዱን እስከ ጣሪያው ወጥቶት ነበር፤ የተሰበረ ብርጭቆ እኔው ነኝ የከፈልኩት። በሁለተኛው አጋማሽ ሮድሪ የሲቲን ሦስተኛ ሲያገባ ልጁ ቀስ ብሎ ወረደ። ሃቨርትዝ በ89ኛው አሸናፊውን ጎል አገባልን፤ ከማዶ እንኳን ቀድሞ የጮኸ ሰው አልነበረም።

ስንወጣ ጋሼ በሩ ላይ ካርቶን ለጥፈዋል፦ «ከነሐሴ ጀምሮ መግቢያ 40 ብር»። በ40 ጨዋታ 1,600 ይሆናል። ስለ ጄነሬተሩ ጠየቅኳቸው። «ቤንዚን ይኖራል» አሉኝ። ለመምጣት ያሰበ ካለ ከግንዱ በስተቀኝ ሦስተኛው ረድፍ ጥሩ ነው፤ ጥጉ ላይ ያለው ወንበር ግን ተይዟል።